የዜና ፊልም ቀራጩ፦ ከጦርነቱ በኋላ በብሪታንያ የነበረ ሙያ

ቴሌቪዥን በየቤቱ ከመግባቱ በፊት የብሪታንያ ሕዝብ የሩቅ አገር ጦርነትን፣ የንጉሣውያን ሠርግን ወይም የእግር ኳስ ዋንጫ ፍጻሜን በተንቀሳቃሽ ምስል የሚያየው ሲኒማ ቤት ገብቶ ነበር። ተመልካቹ ትኬት የሚቆርጠው ዋናውን ፊልም ለማየት ቢሆንም፣ ከዚያ አስቀድሞ ወይም በሁለት ፊልሞች መካከል ከ7 እስከ 10 ደቂቃ የሚወስድ የዜና ፊልም ይቀርብለት ነበር። በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ በርከት ያሉ ወሬዎች በሙዚቃና በተራኪ ድምፅ ታጅበው ተራ በተራ ያልፋሉ። የተራኪዎቹን ድምፅ አገሩ ሁሉ ለይቶ ያውቅ ነበር፤ ቦብ ዳንቨርስ-ዎከር ለፓቴ፣ ሌስሊ ሚቼል ለሙቪቶን ሲናገሩ ሰሚው ማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር። ምስሉን የቀረጸው ሰው ስም ግን በአብዛኛው አይነገርም ነበር።

ይህ ማብራሪያ ስለዚያ ስሙ ስላልተነገረ ባለሙያ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃበት ከ1945 አንስቶ የመጨረሻው የዜና ፊልም እስከተቋረጠበት እስከ 1979 ባለው ጊዜ (እዚህ የተጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ካሜራማኑ ወደ ሥራው እንዴት ይገባ እንደነበር፣ በምን መሣሪያ ይሠራ እንደነበር፣ የሚቀርጸውን ማን ይወስንለት እንደነበርና ሙያው በመጨረሻ ምን እንደደረሰበት ለማሳየት እሞክራለሁ። ነገሩ የብሪታንያን የፊልም ታሪክ ለሚያጠኑ ሰዎች ብቻ የሚተው አይመስለኝም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ለንደንን ሲጎበኙ፣ ንግሥት ኤልሳቤጥም በ1965 አዲስ አበባ ሲገቡ የተነሡትንና ዛሬ በስልካችን የምናያቸውን ምስሎች የቀረጹት የዚህ ሙያ ሰዎች ናቸው። እነዚያ ምስሎች ለምን እንዲህ አጭር እንደሆኑ፣ ለምንስ ከሰልፍና ከሰላምታ ብዙም ፈቀቅ እንደማይሉ የሚገባን ቀራጩ የቆመበትን ሁኔታ ስናውቅ ነው።

አምስት ኩባንያዎችና በሳምንት ሁለት ቀን

ጦርነቱ ሲያበቃ በብሪታንያ የዜና ፊልም የሚያወጡት ኩባንያዎች አምስት ነበሩ፤ እነሱም ፓቴ፣ ብሪቲሽ ሙቪቶን፣ ጎሞን ብሪቲሽ፣ ብሪቲሽ ፓራማውንት እና ዩኒቨርሳል ናቸው። ከመካከላቸው አንጋፋው በ1910 በብሪታንያ ሥራ የጀመረው ፓቴ ነው። እያንዳንዱ ኩባንያ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ሰኞና ሐሙስ፣ አዲስ ፊልም ያወጣ ስለነበር አምስቱ በአንድነት በዓመት ከ500 በላይ እትሞችን ለሕዝብ ያደርሱ ነበር። በ1946 የብሪታንያ ሲኒማ ቤቶች 1.6 ቢሊዮን ያህል ትኬት ሸጠዋል፤ ይህም በየሳምንቱ ከ30 ሚሊዮን በላይ ማለት ነው። የዜና ፊልም ካሜራማን ሥራውን ያየለት ሰው ብዛት በዚያ ዘመን ከነበረ ከማንኛውም የጋዜጣ ፎቶ አንሺ ጋር ቢነጻጸር የሚያንስ አልነበረም።

የገቢው መንገድ በምስሎቹ ይዘት ላይ ትልቅ ተጽዕኖ ስለነበረው ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ሲኒማ ቤቶች ቅጂውን ይከራዩ ነበር፤ ፊልሙ በወጣበት ዕለት የሚያሳየው ትልቅ ሲኒማ ቤት ብዙ ይከፍላል፣ ያው ቅጂ ከቀናት በኋላ ወደ ሌላው እየተላለፈ ሲያረጅ ኪራዩም እየቀነሰ ይሄዳል። በድሃ ሰፈር ያለ ተመልካች ሳምንት ያለፈውን ወሬ እንደ አዲስ የሚያይበት ጊዜ ስለነበር ካሜራማኑ ቶሎ የማይበርድ ነገር እንዲቀርጽ ይጠበቅበት ነበር። ከዚህም በላይ የኩባንያው ደንበኛ ተመልካቹ ሳይሆን የሲኒማ ቤቱ ባለቤት ነበር፤ ባለቤቱ ደግሞ ሊዝናና የመጣ ሰው ተቆጥቶ ወይም አዝኖ እንዲወጣበት አይፈልግም። የዜና ፊልሞች እንደ ሌሎች ፊልሞች በብሪታንያ የሳንሱር ቦርድ በኩል እንዲያልፉ አይገደዱም ነበር። ኩባንያዎቹ ግን ራሳቸውን ይቆጣጠሩ ስለነበር የፖለቲካ ክርክር፣ የሥራ ማቆም አድማና የቅኝ ግዛት ተቃውሞ በጥንቃቄና ባጭሩ የሚነኩ ጉዳዮች ሆነው ቆዩ። ስፖርት፣ የንጉሣውያን ጉዞ፣ የመርከብ ምረቃና አዲስ አውሮፕላን ግን ሁልጊዜ ቦታ አያጡም ነበር።

ወደ ሙያው የሚገባበት መንገድ

በ1940ዎቹ መጨረሻ ይህን ሥራ ይሠሩ የነበሩትን ሰዎች በሁለት ትውልድ ከፍሎ ማየት ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ ከጦርነቱ በፊት በልጅነታቸው ተቀጥረው የካሜራ ማቆሚያ በመሸከም፣ ፊልም በመጫንና መኪና በመንዳት ቀስ በቀስ የተማሩ ናቸው። ትምህርቱ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነበር። ረዳቱ ልጅ ብርሃን በማያስገባ ጥቁር ከረጢት ውስጥ ሁለት እጁን ከትቶ፣ ሳያይ በዳሰሳ ብቻ ፊልም መለወጥን ከለመደ በኋላ ነው ካሜራው በእጁ የሚሰጠው።

ሁለተኛዎቹ ጦርነቱ ራሱ ያፈራቸው ናቸው። የብሪታንያ ጦር በ1941 የራሱን የፊልምና የፎቶግራፍ ክፍል አቋቁሞ፣ ለንደን አጠገብ በሚገኘው የፓይንዉድ ስቱዲዮ ወታደሮችን አሠልጥኖ ወደ ሰሜን አፍሪካ፣ ወደ ጣሊያንና ወደ ኖርማንዲ ልኳል። አብዛኞቹ በሃምሳ አለቃ ማዕረግ የሚያገለግሉ ወጣቶች ነበሩ። ሰላም ሲወርድ በጥይት መካከል ካሜራ ሳያንቀጠቅጡ መያዝን የተማሩ ሰዎች ሥራ ፈላጊ ሆኑ፤ የተወሰኑትም የዜና ፊልም ኩባንያዎችን ተቀላቀሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ ጥቂት ቆይቶ ወደ ቴሌቪዥን ገቡ።

ከጦርነት ዘመን ወደ ሰላም ዘመን የተሻገረ ሙያን ለማየት የፖል ዋያንድን ሥራ መጥቀስ ተገቢ ነው። ዋያንድ የብሪቲሽ ሙቪቶን አንጋፋ ካሜራማን ሲሆኑ፣ በሚያዝያ 1945 የበርገን-ቤልዘን ማጎሪያ ካምፕ ነጻ ሲወጣ ከድምፅ ባለሙያው ከማርቲን ግሬይ ጋር በቦታው ተገኝተው ቀርጸዋል። በዚያ ሥራቸው ልዩ የነበረው ነገር ድምፅ ነው። አብዛኛው የጦርነት ፊልም ያለ ድምፅ ተቀርጾ በኋላ ትረካ ይጨመርበት በነበረበት ጊዜ፣ እነሱ የድምፅ ካሜራቸውን ከሬሳው ጉድጓድ አጠገብ ተክለው የብሪታንያ ወታደሮችና ከሞት የተረፉ እስረኞች በራሳቸው አንደበት የተናገሩትን መዘገቡ። ለማመን የሚከብድ ነገር ሲገጥም ምስል ብቻውን እንደማይበቃ፣ ቦታውንና የምስክሩን ፊት ከነድምፁ አንድ ላይ መያዝ እንደሚያስፈልግ ያሳየ ሥራ ስለሆነ፣ በእኔ እምነት በመላው የዜና ፊልም ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የላቀ ቦታ ሊሰጠው ይገባል። ያን የቀረጹት ሰው ከጦርነቱ በኋላም በዚያው ኩባንያ ውስጥ ሆነው የዘወትሩን የዜና ፊልም ሥራ ቀጥለዋል።

ካሜራው፣ ፊልሙና አንድ ደቂቃ

የዚያን ዘመን ቀረጻ ለመረዳት ከሁሉ በፊት ስለ ፊልሙ ርዝመት ማወቅ ያስፈልጋል። የዜና ፊልም የሚቀረጸው 35 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ፊልም ላይ ነበር። በዚህ ፊልም እያንዳንዱ ጫማ 16 ምስሎችን ይይዛል፤ ካሜራው ደግሞ በሰከንድ 24 ምስሎችን ስለሚያነሣ በአንድ ደቂቃ 90 ጫማ ወይም 27 ሜትር ያህል ፊልም ይበላል። አይሞ የተባለው አሜሪካ ሠራሽ የእጅ ካሜራ የሚይዘው 100 ጫማ ብቻ ነው፤ ይህም ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። የብሪታንያ ቀራጮች ይመርጡት የነበረው ኒውማን-ሲንክሌር የተባለ ካሜራ 200 ጫማ ስለሚይዝ ሁለት ደቂቃ ከሩብ ያህል ይሠራል። ሁለቱም ባትሪ አያስፈልጋቸውም፤ እንደ ግድግዳ ሰዓት በእጅ ተጠምዝዞ በሚሞላ ሞላ ይንቀሳቀሳሉ። አይሞው አንዴ ተሞልቶ የሚሠራው ግማሽ ደቂቃ ያህል ስለሆነ ካሜራማኑ በየመሐሉ ቆም እያለ እንደገና ማጠንጠን ነበረበት።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ቀላል አይደለም። ዛሬ በስልኩ የሚቀርጽ ሰው አስቀድሞ ይከፍትና ነገሩ እስኪሆን ይጠብቃል፤ ያ ካሜራማን ግን ነገሩ ሊሆን ሲል ብቻ ነበር የሚከፍተው። የንጉሡ ሠረገላ ሲቃረብ ቀድሞ ከጀመረ ሠረገላው ፊቱ ሲደርስ ሞላው ያልቅበታል፤ ከዘገየ ደግሞ የሚቀርለት የሠረገላው ጀርባ ነው። ስለዚህ የሙያው ዋና ችሎታ ሌንስ ከመምረጥና ብርሃን ከመለካት ይልቅ ቀጥሎ የሚሆነውን ነገር አስቀድሞ መገመት ነበር። ጥሩ ካሜራማን የሥነ ሥርዓቱን መርሐ ግብር በቃሉ ይይዛል፣ ከቀኑ በፊት ቦታውን ዞሮ ያያል፣ ፀሐይ በየትኛው ሰዓት በየት በኩል እንደምትሆን ያሰላል። ከዚያም እያንዳንዱን ወሬ በአጫጭር ቁርጥራጮች ያነሣዋል፤ መጀመሪያ ቦታውን ሁሉ የሚያሳይ የሩቅ ምስል፣ ቀጥሎ ሰዎቹን የሚለይ የመካከለኛ ርቀት ምስል፣ ከዚያም ፊት ለብቻው። በመጨረሻ ወደ ሕዝቡ ዞሮ የሚያጨበጭቡ እጆችን ወይም በአባቱ ትከሻ ላይ የተቀመጠ ልጅን ያክላል፤ ይህ ምስል ለኤዲተሩ እጅግ ያስፈልገዋል፣ ምክንያቱም የማይገጣጠሙ ሁለት ቁርጥራጮችን የሚያገናኘው በእሱ ነው።

ድምፅ ሌላ ጣጣ ነበር። ንግግር ከነድምፁ ለመቅዳት ከባድ ካሜራ፣ ከመኪና ጋር የተያያዘ መሣሪያና የድምፅ ባለሙያ ስለሚያስፈልግ አብዛኛው ወሬ ያለ ድምፅ ይቀረጻል፤ የሕዝብ ጭብጨባ፣ የባቡር ፉጨትና የሞተር ድምፅ ለንደን ውስጥ ከተጠራቀመ የድምፅ ክምችት እየተመረጠ ይጨመርበታል። ዛሬ በእነዚያ ፊልሞች የምንሰማው ሆታ ከዚያው ቦታ የተቀዳ ነው ብሎ መደምደም ስሕተት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ላይ እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ያገለግል የነበረው የናይትሬት ፊልም በቀላሉ የሚቀጣጠል፣ አንዴ ከተያያዘም የሚነድበትን ኦክስጅን ከራሱ ስለሚያወጣ በውኃ እንኳ የማይጠፋ ነበር። ካሜራማኑ ያን ፊልም በመኪናው ጭኖ አገር ያቋርጥ ነበር።

የሚቀርጸውን ማን ይወስንለታል?

ካሜራማኑ ሥራውን የሚቀበለው ለንደን ውስጥ ከነበሩት ከኩባንያዎቹ የዜና ክፍሎች ነው። የዜና ክፍሉ ኃላፊ የሚመጣውን ሳምንት ዝግጅት አይቶ ሰው ይመድባል። ውድድር ባለበት ጊዜ ፉክክሩ ብርቱ ነበር፤ ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ አንዱ ኩባንያ ለታላቅ የስፖርት ውድድር ብቸኛ የቀረጻ መብት ሲገዛ ሌሎቹ ካሜራ ደብቀው የሚያስገቡበት ወይም ከአጥር ውጭ ከፍ ያለ መቆሚያ ሠርተው የሚቀርጹበት ጊዜ ነበር።

በሌላ በኩል ሁሉም በአንድነት የሚሠሩበት መንገድም ነበር። በጦርነቱ ወቅት በግንባር ብዙ ካሜራማን ማሰማራት ስለማይቻል ኩባንያዎቹ በተራ አንድ አንድ ሰው እየላኩ የተገኘውን ፊልም ለሁሉም ማካፈል ጀምረው ነበር። ይህ የተራ አሠራር ከጦርነቱ በኋላ ለንጉሣውያን ሥነ ሥርዓትና ለጉዞ ቀጠለ። በቤተ ክርስቲያን ወይም በቤተ መንግሥት አምስት ካሜራ ከሚደረደር አንድ ሰው ለአምስቱም ቢቀርጽ ለባለሥልጣናቱ ምቹ ነው። ለታሪክ ግን ጉዳት አለው፤ ተመልካቹ አምስት የተለያዩ ፊልሞችን ያየ ቢመስለውም ያየው አንድ ሰው ከአንድ ቦታ ሆኖ ያነሣውን ነው። ተራ የደረሰው ካሜራማንም የአራት ተወዳዳሪ ኩባንያዎች ዕዳ በትከሻው ስለሚወድቅ ያልተለመደ ነገር ከመሞከር ይልቅ የማይሳሳተውን ምስል መያዝን ይመርጣል። በየንጉሣዊ ጉብኝቱ የምናየው የምስል አሰላለፍ ተመሳሳይ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ቀረጻው ካለቀ በኋላ ፊልሙ ከካሜራማኑ እጅ ይወጣል። ቆርቆሮው ይታሸጋል፤ ከዘገየ ዋጋ እንደሌለው የሚያስጠነቅቅ ወረቀት ይለጠፍበታል፤ በሞተር ብስክሌት፣ በባቡር ወይም በአውሮፕላን ወደ ለንደን ይላካል። ከእሱ ጋር ካሜራማኑ የጻፈው የቀረጻ ማስታወሻ አብሮ ይሄዳል። በዚህ ወረቀት ላይ ቀኑ፣ ቦታው፣ በምስሉ የሚታዩት ሰዎች ስምና ማዕረግ፣ የእያንዳንዱ ቁርጥራጭ ቅደም ተከተል፣ አንዳንዴም የቀራጩ አስተያየት ይሰፍራል። ለንደን ላይ ፊልሙ ታጥቦ ኤዲተሩ ይመርጠዋል፤ ጸሐፊው ትረካውን ያዘጋጃል፤ ተራኪው ያነብባል፤ ሙዚቃ ይገባል። ሳምንት የፈጀ ጉዞ የአንድ ደቂቃ ወሬ ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ ጨርሶ ሊቀርም ይችላል። ካሜራማኑ ሥራው ምን እንደሆነ የሚያውቀው እንደማንኛውም ሰው ሲኒማ ቤት ገብቶ ሲያየው ነው፤ ያኔም እሱ ያላሰበው ትርጉም በትረካው ተሰጥቶት ሊያገኘው ይችላል።

ይህ ክፍፍል የሙያውን ማንነት የወሰነ ነገር ስለሆነ አጥብቄ ላነሣው እወዳለሁ። ካሜራማኑ ምስክር ነበር፤ ምስክርነቱን የሚተረጉሙት ግን ቦታው ላይ ያልነበሩ ሰዎች ናቸው። በኬንያ፣ በማላያ ወይም በቆጵሮስ የተቀረጸ ፊልም ውስጥ የቆሙት ሰዎች ፊት አንድ ነገር ሲናገር ትረካው የመንግሥትን አቋም ሲያሰማ ብናገኝ፣ ሁለቱን ለያይቶ ማየት የተመልካቹ ድርሻ ይሆናል።

ያልታሰበ ነገር ሲመጣ

መርሐ ግብር በሌለበት ጊዜ የካሜራማኑ ልምድ ይለካል። በመስከረም 1952 በፋርንቦሮ የአውሮፕላን ትርኢት ላይ በአብራሪው ጆን ዴሪ ይበር የነበረው ዲ ኤች 110 የተባለ አዲስ ተዋጊ አውሮፕላን በሕዝቡ ፊት አየር ላይ ተበታትኖ 31 ሰዎች ሞቱ፤ 29ኙ ተመልካቾች ነበሩ። የፊልም ካሜራዎች አውሮፕላኑን እየተከተሉ ስለነበር መበታተኑ ተቀርጿል። ሁሉም በሚሮጥበት ሰዓት ካሜራውን ወደ ሰማይ እንዳቀና መያዝ የሚጠይቀውን መንፈስ መገመት ይቻላል። ፊልሙ ከመደናገጥ አልፎ ጥቅም ነበረው፤ እንዲህ ያለ ምስል አደጋ ለሚመረምሩ መሐንዲሶች አውሮፕላኑ ከየት ጀምሮ እንደተሰበረ ለማየት ያስችላል።

ሌላው ምሳሌ ደም ያልፈሰሰበት ነው። በመጋቢት 1956 በኤይንትሪ በተካሄደው የግራንድ ናሽናል የፈረስ ግልቢያ፣ የንግሥት እናት ንብረት የነበረውና በዲክ ፍራንሲስ ይጋለብ የነበረው ዴቨን ሎክ የመጨረሻውን መሰናክል አልፎ፣ ሌሎቹን ርቆ እየመራ፣ መጨረሻው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ምንም በሌለበት ሜዳ ላይ በድንገት በሆዱ ተዘረጋ። የውድድሩ ርቀት ከ7 ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ የዜና ፊልም ኩባንያዎች ካሜራማኖቻቸውን በየመሰናክሉ ይበትኑ ነበር፤ ብዙዎቹ ድርሻቸው የአንድ አጥር ዝላይ ብቻ ነበር። ማብቂያው አጠገብ የተመደበው ሰው አሸናፊውን ብቻ ለመቅረጽ አስቦ የፊልሙን ጫፍ ቆጥቦ ቢሆን ኖሮ፣ ፈረሱ ለምን ወደቀ የሚለው እስከ ዛሬ የዘለቀ ክርክር ያለ ምስል ይቀር ነበር።

ቴሌቪዥን

የሙያው መጨረሻ የጀመረው ብዙ ሰው ሳያስተውለው ነው። ቢቢሲ ከጦርነቱ በኋላ የቴሌቪዥን ሥርጭቱን ሲቀጥል የሲኒማ ኩባንያዎቹ ፊልማቸውን ሊሰጡት ፈቃደኛ አልነበሩም። ስለዚህ የራሱን ካሜራማኖች ቀጥሮ በጥር 5፣ 1948 የራሱን የዜና ፊልም በቴሌቪዥን ማሳየት ጀመረ። ያኔ ቴሌቪዥን ያለው ቤት እጅግ ጥቂት ስለነበር እንቢታው አስተማማኝ ይመስል ነበር። ውጤቱ ግን ተቃራኒ ሆነ፤ ተፎካካሪው በእነሱ ፊልም ላይ ጥገኛ ሆኖ ከመኖር ይልቅ የራሱን ባለሙያዎች አፈራ።

ሰኔ 2፣ 1953 የንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ ሲደፋ 20 ሚሊዮን ያህል ሰው በቀጥታ ሥርጭት አየው። የፊልም ኩባንያዎቹ መልስ ቀለም ነበር፤ የጎሞን ብሪቲሽ ዜና ኃላፊ ካስልተን ናይት ሥነ ሥርዓቱን በቴክኒከለር ቀርጸው ሙሉ ፊልም አድርገው በጥቂት ቀናት ውስጥ ለሲኒማ አቀረቡ፣ ሕዝቡም ጎርፎ አየው። ይሁን እንጂ ዘውድ በየሳምንቱ አይደፋም። በየቀኑ ዜና የሚሰጥ ሣጥን ሳሎን ውስጥ ከገባ በኋላ በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚወጣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ዜና መሆኑ ይቀራል። በመስከረም 1955 የንግድ ቴሌቪዥን ሲጀመር አብሮት የተከፈተው የአይ ቲ ኤን የዜና ድርጅት 16 ሚሊ ሜትር ፊልም ይዞ መጣ። ይህ ፊልም ርካሽና ቀላል ከመሆኑ በላይ፣ ያው 100 ጫማ ከሁለት ደቂቃ ተኩል በላይ ይቀርጻል፤ ድምፅ ለመቅዳትም እንደ ቀድሞው ትልቅ መኪና አያስፈልግም። ዘጋቢ በመንገድ ላይ ሰው አስቁሞ መጠየቅ የቻለው በዚህ ነው። ካሜራማኑ ትረካ ሌላ ሰው እንደሚጨምርለት አስቦ ዝም ያለ ምስል ከመሰብሰብ ወጥቶ ሰው ሲናገር መቅረጽ ጀመረ።

ኩባንያዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ዩኒቨርሳል በ1956፣ ፓራማውንት በ1957፣ ጎሞን ብሪቲሽ በ1959 መጀመሪያ አበቁ። ፓቴ እስከ 1970፣ ሙቪቶን እስከ 1979 ቆዩ፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ግን ሥራቸው ከዜና ይልቅ ወደ መዝናኛና ወደ ልዩ ልዩ ትዕይንት ያደላ ነበር። የዓመቱ የሲኒማ ትኬት ብዛት በ1960 ወደ 500 ሚሊዮን፣ በ1970 ደግሞ ከ200 ሚሊዮን በታች ወርዶ ነበር።

ባለሙያዎቹ ግን አብረው አልጠፉም። ለዩኒቨርሳል የጦርነት ካሜራማን የነበሩት ሮኒ ኖብል ወደ ቢቢሲ ቴሌቪዥን ገብተዋል፤ ሌሎችም ወደ ቢቢሲና ወደ አይ ቲ ኤን ተሻግረዋል። በ1957 ደግሞ ቢቢሲ፣ የጎሞን ብሪቲሽ ባለቤት የነበረው የራንክ ድርጅትና የካናዳ እንዲሁም የአውስትራሊያ ብሔራዊ ማሰራጫዎች በአንድነት ዓለም አቀፍ የዜና ፊልም ወኪል አቋቋሙ። ይህ ወኪል በ1964 ቪዝኒውስ ተባለ። የተራው አሠራር በአዲስ መልክ ቀጠለ ማለት ይቻላል፤ አንድ ካሜራማን ይቀርጻል፣ ብዙ ጣቢያዎች በየራሳቸው ቃል ያስተላልፉታል። በጥቅምት 1984 በኮረም የነበረውን ረኀብ ቀርጾ ዓለምን ያነቃነቀው ኬንያዊው መሐመድ አሚን የቪዝኒውስ ባልደረባ ነበር፤ ምስሎቹም ከቢቢሲው ከማይክል በርክ ዘገባ ጋር በጥቅምት 23 ከተላለፉ በኋላ በብዙ አገሮች ጣቢያዎች ታይተዋል።

ዛሬ ፊልሞቹን ስናይ

ብሪቲሽ ፓቴ በሚያዝያ 2014 ወደ 85,000 የሚጠጉ ፊልሞችን በዩቲዩብ ከፍቷል፤ የሙቪቶን ክምችትም በሚቀጥለው ዓመት በአሶሺየትድ ፕሬስ በኩል ተከትሏል። ስለ ኢትዮጵያ የሚታዩት ፊልሞች ብዙ ናቸው፤ የንጉሠ ነገሥቱ የ1936 ስደት፣ በጥቅምት 1954 በለንደን የተደረገላቸው የመንግሥት አቀባበል፣ ንግሥቲቱ በየካቲት 1965 ያደረጉት ጉብኝት ይገኙባቸዋል። በ1954 አምስቱም ኩባንያዎች ገና በሥራ ላይ ነበሩ፤ በ1965 ግን ከመካከላቸው የቀሩት ፓቴና ሙቪቶን ብቻ ስለሆኑ ያንን ጉብኝት አብዛኛው የብሪታንያ ሕዝብ ያየው በቴሌቪዥን ነው።

እነዚህን ፊልሞች እንደ ታሪክ ማስረጃ ለሚጠቀም ሰው አንድ ነገር ልጠቁም። በፓቴ ክምችት ውስጥ ለሲኒማ ያልወጡ ተብለው የተመዘገቡ፣ ትረካም ሙዚቃም የሌላቸው ብዙ ጥቅልሎች አሉ። ተመልካች ድምፅ ስለሌላቸው ያልፋቸዋል፤ የካሜራማኑን ሥራ ኤዲተርና ጸሐፊ ሳይነኩት የምናገኘው ግን በእነሱ ነው። በቅደም ተከተል ቢታዩ ቀራጩ የት እንደቆመ፣ መቼ ቦታ እንደለወጠ፣ ፊልሙን በማን ላይ እንዳጠፋና በማን ላይ እንደቆጠበ ይታያል። በ1910 እና በ1983 መካከል በብሪታንያ የወጡ ከ180,000 በላይ የዜና ፊልምና መሰል አጫጭር የሲኒማ ፊልሞች ወሬዎችን የመዘገበና የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች የፊልምና የቪዲዮ ምክር ቤት ያዘጋጀው የመረጃ ቋትም ለማንም ክፍት ነው። በዚያ ውስጥ የወሬው ርእስ፣ የወጣበት ቀንና የእትሙ ቁጥር ይገኛል፤ በተገኘበት ቦታ ሁሉ የካሜራማኑ ስም፣ ለበርካታ ወሬዎችም ካሜራማኑ በዚያን ዕለት ከቆርቆሮው ጋር የላከው የቀረጻ ማስታወሻ ቅጂ ተያይዟል። የተራኪውን ቃል ከዚያ ወረቀት ጋር ማስተያየት የሚፈልግ ሰው ፍለጋውን በቀኑና በኩባንያው ስም ቢጀምር ቶሎ ያገኘዋል።